በራሱ የሚሻገር የፊት ሸራ በትንሽ ጀልባ ላይ እንዴት ይገጠማል

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ የወረደ ሰው፣ ከቀትር በኋላ የጣና ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ፀሐይ የብሱን ከውሃው ይልቅ ፈጥና ስለምታሞቀው፣ በየብሱ ላይ ያለው አየር እየሞቀ ወደ ላይ ሲነሣ ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለው አየር ወደ ዳር ይነፍሳል፤ ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ያለች በመሆኗም ይህ ነፋስ ከደቡብ፣ ማለትም መሄድ ከምንፈልግበት አቅጣጫ፣ ይገጥመናል። ማንኛዋም የሸራ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ መሄድ ስለማትችል፣ ከዳር ለመራቅ ያላት መንገድ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ በሰያፍ እየተመላለሱ መውጣት ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እንቦጭ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል እየተነጠፈ መተላለፊያውን ሲያጠብበው ደግሞ፣ ምልልሱ እየተቀራረበ ይሄድና አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን መጀመር ግድ ይሆናል።

በዚህ ምልልስ ላይ ብቻውን የተቀመጠን ሰው የሚያደክመው መሪው ሳይሆን የፊት ሸራው ነው። በተለመደው አሠራር ከፊት ሸራው የኋላ ማዕዘን ሁለት ገመዶች ይነሡና አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ጎን አድርገው ወደ መቀመጫው ይመጣሉ። ጀልባዋ አፍንጫዋን በነፋሱ በኩል አሳልፋ ወገን በለወጠች ቁጥር የተወጠረውን ገመድ መልቀቅ፣ የላላውን ሰብስቦ መወጠር፣ በዚህም መካከል መሪውንና የዋናውን ሸራ ገመድ አለመልቀቅ ያስፈልጋል፤ እጅ ግን ሁለት ብቻ ነው። በራሱ የሚሻገር የፊት ሸራ ይህን ጣጣ የሚያስቀረው ሁለቱን ገመዶች በአንድ በመተካት ነው። ያ አንዱ ገመድ ከምሰሶው ፊት፣ ከጎን ወደ ጎን በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ከሚንሸራተት ቁራጭ ጋር ይያያዛል፤ ጀልባዋ ስትዞር ነፋሱ ራሱ ሸራውን ወደ ሌላው ወገን ይገፋዋል፣ ሸራውም ተንሸራታቹን ይዞት ይሻገራል። የተቀመጠው ሰው መሪውን ከመግፋት በቀር የሚሠራው የለም።

ምቾቱ ግን ዋጋ አለው። ሸራው ምሰሶውን ሳይነካ በፊቱ ማለፍ ስላለበት ከምሰሶው ወደ ኋላ የሚዘልቅ ሰፊ ሸራ መጠቀም አይቻልም፤ በእኔ ጀልባ ላይ 4.2 ካሬ ሜትር የነበረው የፊት ሸራ ወደ 3 ካሬ ሜትር ወርዷል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል ከ1,780 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስም እኛ ዘንድ በዚያው ልክ ያነሰ ጉልበት ስለሚሰጥ የሸራ መጥበብ በይበልጥ ይታወቃል። ነፋሱ እምብዛም በማይነሣበት ጠዋት መውጣት የሚወድ ሰው ሰፊውን ሸራ ይዞ ቢቆይ ይሻለዋል። ከሰዓት በኋላ ብቻውን ለሚወጣ ሰው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ልዋጩ ያዋጣል።

ለነዚህ ዕቃዎች በአማርኛ የረጋ የሙያ ስም እምብዛም ስለሌለ፣ የምጠቀምባቸውን ስሞች አስቀድሜ ልግለጽ። ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ምሰሶው ላይኛው ክፍል የተወጠረውንና ሸራው የሚያያዝበትን ሽቦ «የፊት ሽቦ» እለዋለሁ። ሸራውን የምንስብበትንና የምናላላበትን ገመድ «ልጓም»፣ በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተተውን ቁራጭ ደግሞ «ጋሪ» ብዬዋለሁ። ሸራው ሦስት ማዕዘን አለው፤ የፊት ማዕዘኑ ከአፍንጫው ላይ ይታሰራል፣ የኋላ ማዕዘኑ ልጓሙን ይይዛል፣ የላይኛው ማዕዘኑ ወደ ምሰሶው ጫፍ ይጎተታል።

ካስማው የቱ ላይ ነው?

ጎጆ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ዋና ሐሳብ ያውቀዋል። ግድግዳው የሚቆምበትን ክብ ለማስመር መሐል ላይ ካስማ ይተከላል፣ ከካስማው ገመድ ይታሰርና በገመዱ ጫፍ መሬቱ ይጫራል፤ ገመዱ እስካልላላና ካስማው እስካልተነቃነቀ ድረስ ክቡ አይዛነፍም። በጀልባዋ ላይ ካስማው የሸራው የፊት ማዕዘን የታሰረበት ነጥብ ነው። ሸራው በፊት ሽቦው ዙሪያ፣ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር፣ ይዞራል፤ ስለዚህ የኋላ ማዕዘኑ ከዚያ ነጥብ ያለው ርቀት ምንጊዜም አንድ ነው። ከዚህ የተነሣ ሐዲዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ከዚያው ነጥብ የተሰመረ ቅስት መሆን አለበት፤ ልጓሙ ወደ መቀመጫው የሚታጠፍበት መዘውርም በዚያው ነጥብ አጠገብ መታሰር አለበት። የሸራው ማሰሪያ፣ የቅስቱ ማዕከልና የልጓሙ መዘውር አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ፣ ጋሪው የትም ቢቆም ልጓሙ አይጠብቅም፣ አይላላምም፤ ጋሪውን ወደ መሐል መልሶ የሚስበው ነገርም አይኖርም።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ራሴ ስለተሳሳትሁበት ነው። መጀመሪያ ስገጥም አፍንጫው ላይ የመልሕቅ ገመድ ማሰሪያ ስለነበረ መዘውሩን 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አምጥቼ አሰርሁት። በወረቀት ላይ ሲሰላ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ጋሪው ከሐዲዱ መሐል ወደ ጫፍ ሲሄድ ከመዘውሩ የሚርቀው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ልጓሙ ውጥር ብሎ ሳለ ያቺን አንዲት ሴንቲ ሜትር ከየትም ማምጣት አይቻልም፤ ለስለስ ባለ ነፋስ ጋሪው ዳር መድረስ እያቃተው መሐል ላይ ይቆም ነበር፣ እኔም በእግሬ ልገፋው መሪውን ትቼ እየተንፏቀቅሁ ወደ ፊት እሄድ ነበር። በመጨረሻ የመልሕቁን ማሰሪያ ወደ ጎን አዛውሬ መዘውሩን ወደ ቦታው መለስሁት።

ልክ መውሰድ

ልክ የሚወሰደው ጀልባዋ ዳር ላይ ቆማ፣ ምሰሶው ተተክሎና የፊት ሽቦው እንደ ወትሮው ተወጥሮ እያለ ነው፤ ምሰሶው ቆይቶ ቢጋደል ወይም ቢቃና የተወሰደው ልክ ሁሉ ዋጋ ያጣል። የእኔ ጀልባ 5 ሜትር ርዝመት ያላት የእንጨት ጀልባ ስትሆን፣ ከፊት ሽቦው እግር እስከ ምሰሶው 1.60 ሜትር ነው። ሐዲዱን ከምሰሶው 15 ሴንቲ ሜትር ፊት ላይ ለማሳረፍ ስለወሰንሁ የቅስቱ ሬዲየስ 1.45 ሜትር ሆነ።

ቀጥሎ የሚወሰነው ጋሪው ከመሐል ወደ ጎን ምን ያህል ይሂድ የሚለው ነው። ከካስማችን ሆነን ወደ ኋላ ስንመለከት፣ ከጀልባዋ መሐል መስመር እስከ ጋሪው ማቆሚያ ያለው አንግል አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይሆናል፤ ጠባብና ፈጣን ጀልባ ወደ 8፣ ሰፋና ከበድ ያለች ደግሞ ወደ 12 ትጠጋለች። እኔ 11ን መረጥሁ። በ1.45 ሜትር ሬዲየስ ላይ 11 ዲግሪ ከመሐል መስመሩ 28 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ለሁለቱ ወገን 56 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለማቆሚያዎቹና ለእግሮቹ ተጨምሮበት ሐዲዱ ከሚሠራበት ቱቦ 70 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በነዚህ ማቆሚያዎች ላይ ቅስቱ ከመሐሉ ይልቅ 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፍንጫው ይቀድማል። ስሌት የማይወድ ሰው ሲባጎ ከፊት ማዕዘኑ ማሰሪያ ላይ አስሮ፣ በሌላው ጫፍ ጠመኔ ይዞ በጀልባዋ ወለል ላይ ያስምር፤ ያው ቅስት ይወጣለታል።

ጠመኔው የማይነግረን አንድ ነገር ግን አለ። የፊት ሽቦው ወደ ኋላ ያጋደለ በመሆኑ፣ የኋላ ማዕዘኑ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል፤ በእኔ ልክ ከፍታው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሐዲዱም አብሮት ከፍ ማለት አለበት። ለዚህ ቱቦውን ሁለት ጊዜ ማጠፍ አያስፈልግም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የታጠፈውን ቅስት፣ ቀዳሚዎቹ ጫፎቹ ወደ ላይ እንዲነሡ አድርጎ ከፊት ሽቦው ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ ማጋደል ይበቃል። የጀልባ ወለል ደግሞ ውሃ እንዲያፈስ ሲባል መሐሉ ጎበጥ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሐዲዱን እግሮች ርዝመት በግምት ማስቆረጥ አይገባም። ቀጥ ያለ ጣውላ ከጎን ወደ ጎን በወለሉ ጉብታ ላይ ማጋደም፣ እግሩ በሚያርፍበት ቦታ ከጣውላው እስከ ወለሉ ያለውን ክፍተት በሜትሮ መለካት፣ በዚያ ላይ ያንን 8 ሚሊ ሜትርና ቱቦው መሐል ላይ ከወለሉ እንዲርቅ የምንፈልገውን 5 ሴንቲ ሜትር መደመር ነው።

ሐዲዱና ጋሪው

እንደ ሃርከን፣ ሮንስታንና ሴልደን ያሉ የውጭ አምራቾች ለዚሁ ሥራ የሚሆን ሐዲድና ያለ ችግር የሚሽከረከር ጋሪ ይሸጣሉ፤ ማስመጣት ለቻለ ሰው ያ ይሻላል። ሌላው ግን በቀድሞ ዘመን የዓሣ ማስገሪያና የጭነት ጀልባዎች ላይ እንደነበረው፣ ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋ ክብ ብረትና በላዩ የሚንሸራተት ቀለበት ማሠራት ይችላል፤ ጎንደር ውስጥ ቱቦ የሚያጥፍና የሚበይድ ብረታ ብረት ቤት ማግኘት አያስቸግርም። የማይዝግ ብረት ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ዚንክ የተለበጠ የአንድ ኢንች የውሃ ቱቦ ያገለግላል። ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ግን ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን ስለሚያመጣ፣ የሚበየደው ቦታ አስቀድሞ በግራይንደር ይገፈፍ፣ ሥራውም በደጅ ይሁን። የተገፈፈው ቦታ ከብየዳው በኋላ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል።

ለበያጁ ቅስቱ የተሰመረበትና የተቆረጠ ካርቶን መስጠት ያስፈልጋል፤ «ትንሽ ጎበጥ አድርግልኝ» ብሎ በቃል ማዘዝ ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ። ቱቦው በእሳት የሚታጠፍ ከሆነ እንዳይጠፈጠፍ አሸዋ ሞልቶ ሁለቱን አፍ መድፈን የቆየ ዘዴ ነው፤ አሸዋው ግን ፍጹም ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ድፍኑን ሊፈነቅለውና ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ሐዲዱ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ብቻ ይቆማል፤ መሐል ላይ እግር ቢኖረው ቀለበቱ አያልፍም። ቀለበቱን ከእግሮቹ አንዱ ሳይበየድ በፊት ማግባት እንዳይረሳ፣ ይህ ነገር ሲነገር ያስቃል እንጂ የሚያጋጥም ነው። የአንድ ኢንች ቱቦ የውጭ ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይስማማል፤ ጠበብ ያለ ቀለበት በቅስቱ ላይ እየተናነቀ ይቆማል። ግራሶ መቀባት አልመክርም፣ አቧራ ይይዛል፣ ሸራም ያበላሻል፤ ደረቅ ሻማ ማሸት ይሻላል።

እግሮቹ ከታች ጠፍጣፋ ላሜራ ተበይዶላቸው በቡሎን ይታሰራሉ። ሸራው ሐዲዱን የሚጎትተው ወደ ላይ ነው፤ ጠንካራ ነፋስ በተነሣ ጊዜም ጉተታው በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ስለሆነ የእንጨት ብሎን ቀስ በቀስ ይነቀላል። ቡሎኑ ወለሉን በስቶ መውጣት፣ ከሥርም ሰፊ የጠንካራ እንጨት ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ሮንዴላና ዳዶ ሊኖረው ይገባል። ቀዳዳው ውስጥ የተቆረጠው እንጨት ቫርኒሽ ይጠጣ፣ ዙሪያው በሲሊኮን ይደፈን፤ አለበለዚያ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሸራው

ያለውን ሸራ ወዲያው በመቀስ መንካት አይገባም። መጀመሪያ ከርካሽ የላስቲክ ሸራ ናሙና ሠርቶ፣ ሰቅሎና ስቦ ማየት ብዙ ጸጸት ያስቀራል። የኋላ ማዕዘኑ ከሐዲዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ፊት ቀደም እንዲል እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ከጋሪው ተነሥቶ በኋላ ማዕዘኑ አልፎ ወደ ፊት የሚቀጥል ምናባዊ መስመር የፊት ሽቦውን ከግማሹ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢነካው የሸራው የኋላ ጠርዝና የታች ጠርዝ ተመጣጥነው ይወጠራሉ። ማዕዘኑ ከሐዲዱ ቅርብ ከሆነ በእሱና በጋሪው ላይ የሚታሰሩት ሁለቱ መዘውሮች ይገናኙና ሸራው ሳይወጠር ልጓሙ ያልቃል። በዚህ ልክ፣ 5 ሜትር የፊት ጠርዝ ያለውና ከዚያ ጠርዝ እስከ ኋላ ማዕዘኑ 1.20 ሜትር ስፋት ያለው ሸራ 3 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ናሙናው ሲስማማ ትክክለኛው ሸራ ድንኳንና የመኪና ሸራ ለሚሰፋ ሰው ይሰጣል፤ ወፍራም ጨርቅ የሚችል መኪና ያለው እሱ ነው። ጨርቁ ዳክሮን የሚባለው የፖሊስተር ሸራ ቢሆን ይመረጣል፤ አቡጀዴና የመሳሰለው የጥጥ ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ ይለጠጣልም። በየማዕዘኑ አራት አምስት ድርብ መጨመር ግዴታ ነው፤ የሚቀደደው ምንጊዜም የኋላ ማዕዘኑ ነው።

ልጓሙን ማስገባት

ገመዱ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስተር ገመድ ይሁን፤ ናይሎን ስለሚለጠጥ ነፋሱ በጠነከረ ቁጥር ሸራው ይላላል። አንዱ ጫፍ ቀለበቱ ላይ ይታሰራል፤ ገመዱ ወደ ላይ ወጥቶ በኋላ ማዕዘኑ ላይ በታሰረው መዘውር ያልፋል፣ ተመልሶ ቀለበቱ ላይ ባለው መዘውር ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው ሄዶ በካስማው አጠገብ ባለው መዘውር ይታጠፍና በወለሉ ጎን አድርጎ ወደ መቀመጫው ይመጣል። ሸራው በሁለት የገመድ መስመር ስለተያዘ የእጃችን ድካም በግማሽ ይቀንሳል። ለእኔ ጀልባ 9 ሜትር ገመድ በቅቷል፤ ጫፉ እንዳያመልጥ ይቋጠር። ለጋሪው ማቆሚያ በሐዲዱ ግራና ቀኝ የጎማ ቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታ ጠምጥሞ በካቻቪቴ ማጥበቅ ይበቃል፤ ቦታውን በኋላ መለወጥም ቀላል ነው።

ፈተናው የሚጀመረው ዳር ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ነው። ሸራውን ሰቅሎ ልጓሙን በእጅ ወጠር ካደረጉ በኋላ ጋሪውን በአንድ ጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ መግፋት ነው። ዳር ላይ ከከበደ ጫፎቹ ዝቅ ብለዋል ወይም የአፍንጫው መዘውር ወደ ኋላ ቀርቷል፤ መሐል ላይ ከከበደ ደግሞ ቅስቱ ከልክ በላይ ታጥፏል ወይም ጫፎቹ ከልክ በላይ ተነሥተዋል። በየትም ቦታ እኩል ከሄደ ውሃ ላይም ይሠራል።

ውሃ ላይ

ከሸራው የፊት ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከታች፣ ከመሐልና ከላይ አጫጭር የሱፍ ክር በሁለቱም ፊት ይለጠፋል። ነፋሱን በሰያፍ እየተጠጉ ሲሄዱ በነፋሱ ወገን ያሉት ሦስቱ ክሮች በአንድ ጊዜ መርገብገብ ከጀመሩ ሸራው ተስተካክሏል። የላይኛው ቀድሞ ከተርገበገበ የሸራው ላይኛ ክፍል ተከፍቷል ማለት ስለሆነ፣ የፊት ማዕዘኑን ማሰሪያ በጥቂት ሴንቲ ሜትር አስረዝሞ ሸራውን በሙሉ ከፍ ማድረግ ነው፤ ልጓሙ ይበልጥ ቁልቁል ይስባል። የታችኛው ከቀደመ ሸራውን ዝቅ ማድረግ ነው። ሐዲዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለማይሄድ ያለን ማስተካከያ ይኸው ነው።

ወገን ሲለወጥ መሪውን በዝግታ መግፋት ይገባል። በድሮው አሠራር የፊት ሸራውን ጥቂት በማዘግየት አፍንጫዋን እንዲገፋልን እናደርግ ነበር፤ በራሱ የሚሻገር ሸራ ግን ቶሎ ስለሚያልፍ፣ ማዕበል በበዛበት ጀልባዋ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ ልትቆም ትችላለች። ለዚህ ከቀለበቱ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ሲባጎ አስሮ ወደ መቀመጫው ማምጣት ይጠቅማል፤ አፍንጫዋ እስክታልፍ ጋሪውን በአሮጌው ወገን ይዞ መልቀቅ ነው።

ወደ ጎርጎራ ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላ ይሆናል፤ የዚህ ሸራ ድካም የሚታየውም ያኔ ነው። ልጓሙ ሲላላ የኋላ ማዕዘኑ ከሐዲዱ ጫፍ አልፎ ይወጣል፣ ወደ ታች የሚይዘው ስለሌለም ወደ ላይ ተነሥቶ ሸራው ይጠማዘዛል። መድኃኒቱ ሁለተኛ አጭር ገመድ ከኋላ ማዕዘኑ ላይ አያይዞ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ባለ ቀለበት በኩል ወደ መቀመጫው መሳብ ነው፤ ማዕዘኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ይያዛል፣ ሸራውም ይሞላል። ከወደቡ ፊት አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ለማዞር ከመነሣት አስቀድሞ ግን ይህ ገመድ ይፈታ፤ እንደታሰረ ከቀረ ሸራው መሻገር አቅቶት በተቃራኒው ወገን ይሞላና ጀልባዋን ወደ ደንገሉ ይነዳታል።